የሻምፒዮን ልጅ ለምን ሻምፒዮን አይሆንም?

የቀረበልን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከታወቁ ሻምፒዮኖች የተወለዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የእሽቅድምድም እርግቦች (ከሩቅ ተለቅቀው ወደ ቤታቸው ለመመለስ የሚወዳደሩ) በውድ ዋጋ ገዝቼ አጣመርኩ። በሁለት ዓመት 14 ጫጩት አወጡ፤ አንዱም ከመካከለኛ አልዘለለም። ከጎናቸው ያለው፣ የዘር ሐረጉ እዚህ ግባ የማይባል ጥንድ ግን በመጀመሪያ እቅፉ የወቅቱን ምርጥ እርግብ ሰጠኝ። ተታልዬ ነው? ወይስ አጣማመሬ ተሳስቷል? አሁን ምን ላድርግ?»

ከቁጥሩ ልጀምር። ገዝተው ያጣመሯቸው በእርግጥ ድንቅ ጥንድ ናቸው እንበል፤ ከ100 ጫጩቶቻቸው 5ቱ ከፍተኛ ደረጃ ይደርሳሉ ብለን ለስሌት እንውሰድ። ይህ ለጋስ ግምት ነው፤ አብዛኞቹ ጥንዶች እዚህ አይደርሱም። በዚህ ግምት እንኳ ከ14 ጫጩት አንድም ከፍተኛ እርግብ ያለማግኘት ዕድል 49 በመቶ ነው። ስለዚህ ያዩት ውጤት ጥንዱ መጥፎ ስለመሆኑ የሚነግርዎ ነገር ትንሽ ነው፤ ስለመታለል ደግሞ ምንም አይነግርዎትም።

የሌላውንም ጥንድ ጉዳይ በዚያው መንገድ ያስሉት። ተራ ጥንዶች ከ100 ጫጩት 1 ብቻ ከፍተኛ እርግብ ይሰጣሉ እንበል። በቤቱ እንዲህ ያሉ 10 ጥንዶች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው ሦስት ዙር ቢያሳድጉ 60 ጫጩት ይሆናል፤ ከእነዚህ ቢያንስ አንድ ከፍተኛ እርግብ የመገኘቱ ዕድል 45 በመቶ ነው። የትኛው ጥንድ ዘንድ እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ከወጣ በኋላ ግን ሁላችንም ወደዚያ ጎጆ እንጠቁምና «ወርቃማ ጥንድ» እንላለን። በእርባታው ዓለም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ የሚጀምረው ከዘር ሕዋስ ነው። እርግብ 40 ጥንድ ክሮሞዞም አላት። ጫጩቱ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ ይወስዳል፤ የትኛው እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። ክሮሞዞሞቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡት ቁራጭ ሳይቆጠር፣ ይህ ዕጣ ብቻውን አንድ ወንድ ከ1 ትሪሊዮን በላይ ዓይነት የዘር ሕዋስ እንዲያዘጋጅ ያስችለዋል። ፍጥነት፣ ጽናት፣ ቤትን የማግኘት ችሎታ፣ የላባ ጥራት፣ ከድካም ቶሎ ማገገም፣ ወደ ጎጆ የመመለስ ጉጉት፦ እነዚህ በአንድና በሁለት ዘረመል የሚወሰኑ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ እጅግ ብዙ ዘረመሎች አሉባቸው። ሻምፒዮን ማለት ከእነዚህ መካከል ባልተለመደ ብዛት ጥሩ ዕጣ የወጣለት ወፍ ነው። ለልጁ ግን የሚሰጠው ግማሹን ነው፤ የተሻለውን ግማሽ መርጦ መስጠትም አይችልም።

ከዚህ የሚከተለውን ነጥብ አርቢዎች በቂ ትኩረት ሲሰጡት አላይም። ወላጆቹ ካልተዛመዱ፣ በአንድ መንጋ ካለው የሚወረስ ልዩነት ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል ሳይሆን በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ ከአንድ እናትና አባት በተወለዱ ልጆች መካከል ነው። የዘር ሐረግ ወረቀት የቱንም ያህል እውነተኛና ያማረ ቢሆን ሊናገር የሚችለው ስለ ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። በአንድ ጎጆ ጎን ለጎን የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች በዘር ረገድ ሦስት ዓመት ተራርቀው ከተወለዱ ወንድሞቻቸው የበለጠ አይመሳሰሉም። አንዱ ብሔራዊ አሸናፊ ሆኖ ሌላው ከ80 ኪሎ ሜትር መመለስ ቢያቅተው የሚገርም ነገር የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት በሻምፒዮኑ ድል ውስጥ ያለው የማይወረስ ድርሻ ነው። ወላጆቹ ከቤቱ አማካይ በደቂቃ 60 ሜትር ፈጥነው ይበሩ ነበር እንበል። ከዚህ ብልጫ የሚወረሰው 20 በመቶው ቢሆን፣ ከልጆቻቸው በአማካይ የሚጠበቀው ብልጫ በደቂቃ 12 ሜትር ብቻ ነው። የቀረው 48 ሜትር ከአስተዳደግ፣ ከጤና፣ ከነፋስ፣ ከቤቱ አቀማመጥና ከአጋጣሚ የመጣ ነውና ከወላጆቹ ጋር ይቀራል። አሁን 12 ሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይመልከቱ። አንዲት እርግብ 200 ኪሎ ሜትር በደቂቃ 1,300 ሜትር እየበረረች ብትመጣ 154 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ቤት ደርሳ ሳትገባ ጣሪያ ላይ 1 ደቂቃ ብትቀመጥ የሚመዘገብላት ፍጥነት ወደ 1,292 ይወርዳል። በጣሪያ ላይ ያለፈችው አንዷ ደቂቃ ብቻ ወላጆቿ ካወረሷት ብልጫ ሁለት ሦስተኛውን በላች ማለት ነው። የኤሌክትሮኒክ ቀለበቱ የሚመዘግበው በመግቢያው ላይ ስትረግጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ በእሷ ስም ይቆጥረዋል።

በዚህ ላይ ነፋስ አለ። እርግቦች ከመለቀቂያው ቦታ በመንጋ ይነሱና ወደ ቤታቸው ሲቃረቡ ይበታተናሉ። የጎን ነፋስ መንጋውን ወደ አንድ ወገን ሲገፋው በዚያ ወገን ባሉ ቤቶች የሚገኙ ወፎች በአጭር መንገድ ይገባሉ፤ በተቃራኒው ያሉት ተመልሰው ነፋስ መቅዘፍ አለባቸው። ስለዚህ አንድ ድል ብቻ ያላትን እርግብ ከሻምፒዮን አልቆጥራትም። በተለያየ የነፋስ አቅጣጫ፣ በአንድ ወቅት ስምንት ወይም ዐሥር ጊዜ ተወዳድራ ብዙውን ጊዜ ከተወዳዳሪዎቹ ከፊተኛው 5 በመቶ ውስጥ የገባች እርግብ አንድ ጊዜ አንደኛ ከወጣችው ይልቅ ለዘር ትታመናለች። ደረጃውን ለተወዳዳሪዎች ብዛት አካፍለው በመቶኛ ይያዙት፦ ከ1,000 እርግቦች 10ኛ 1 በመቶ ነው፤ ከ40 እርግቦች 2ኛ 5 በመቶ ነው። ሁለተኛው ደረጃ ሲሰማ ያምራል፣ ሲለካ ግን ያንሳል።

ሦስተኛው ምክንያት ድቀላ ነው፤ በእርስዎ ጉዳይ ትልቁ ድርሻ የዚህ ሊሆን ይችላል ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ሻምፒዮኖች የሁለት ተለያይተው የቆዩ ዘሮች የመጀመሪያ ዲቃላ ናቸው። በቅርብ ዝምድና የረቡ ሁለት ዘሮች ሲገናኙ፣ በአንዱ ወገን ተደብቆ የቆየውን ደካማ ዘረመል የሌላው ጤናማ ቅጂ ይሸፍነዋል፤ ልጁም ከሁለቱም ወላጆቹ ይበረታል። ይህ ብርታት ግን በቅልቅሉ ውስጥ ያለ ነው፣ እንደ ንብረት አይወረስም። የመጀመሪያ ዲቃላዎች እርስ በርስ ሲጣመሩ ቅልቅሉ ይፈርሳል፤ ከዲቃላነት የመጣው ብልጫ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል፣ በልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ይሰፋል። ሻምፒዮንን ከሻምፒዮን ማጣመር ብዙ ጊዜ ይህን ማድረግ ነው። አንድ ሁለት ድንቅ፣ ብዙ ተራ፣ ጥቂት የማይረቡ ጫጩቶች የሚወጡትም ለዚህ ነው።

በቤልጂየም አሬንዶንክ የነበሩት የጃንሰን ወንድማማቾች ቤት ስሙ የገነነው ለብዙ አሥርት ዓመታት ዘሩን አጥብቆ በመያዙ ነው፤ ሌሎች አርቢዎችም ከዚያ ቤት የሚገዙትን ከራሳቸው ዘር ጋር ለመደቀል ይፈልጉት ነበር። የቅርብ ዝምድና እርባታ ፍጥነት አይጨምርም። የሚሰጠው ነገር መመሳሰል ነው፦ ወላጆቹ ራሳቸው በዝምድና የተወለዱ ሲሆኑ የዘር ሕዋሶቻቸው ይበልጥ ስለሚቀራረቡ በልጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፣ ምን እንደሚወጣ መገመትም ይቀላል። ዋጋው ግን ይከፈላል። ወንድምና እህት፣ ወይም አባትና ሴት ልጅ ሲጣመሩ የጫጩቱ የዝምድና መጠን፣ ማለትም ከአባቱም ከእናቱም ከአንድ ዘመድ የመጣ ያንኑ የዘረመል ቅጂ የመውረስ ዕድሉ፣ 25 በመቶ ነው፤ ግማሽ ወንድምና እህት፣ ወይም አያትና የልጅ ልጅ ከሆኑ 12.5 በመቶ፤ የአጎት ልጆች ከሆኑ 6.25 በመቶ። መጠኑ ከፍ ሲል የማይፈለፈል እንቁላል ይበዛል፣ ጫጩት በጎጆ ይሞታል፣ አካል ይቀንሳል፣ በሽታ ቶሎ ይይዛል። ለአብዛኛው አርቢ ከ12.5 በመቶ በላይ መሄድ አያዋጣም። በዝምድና የተወለዱትን ለዘር እንጂ ለውድድር አያስቡአቸው፤ ለውድድር የሚላከው ዲቃላቸው ነው።

ስለ እናት መስመር ብዙ ይባላል። በእርግቦች ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞዞም፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላቸው። ሴት ጫጩት ብቸኛ ዜዷን የምትወስደው ከአባቷ ነው፤ ደብልዩን ከእናቷ። ለሕዋስ ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዘረመል አለው፣ እሱም በእናት በኩል ብቻ ያልፋል፤ የያዘው ግን 37 ዘረመል ብቻ ነው። ለእናት መስመር ተገቢ ክብር ይስጡ፤ አባትየውን ለመናቅ ግን ምክንያት አይሆንም።

አሁን ወደሚሠራው ነገር እንግባ። ዕጣውን ማስቀረት አይቻልም፤ በእጅዎ ያለው ዕጣውን ደጋግሞ ማውጣትና ውጤቱን ሳያዳሉ መለካት ነው። ለመደጋገም ሞግዚት ጥንዶች፣ ማለትም የሌላውን እንቁላል ታቅፈው የሚያሳድጉ ጥንዶች፣ ያስፈልጋሉ። አንድ ጥንድ በአንድ እቅፍ ሁለት እንቁላል ብቻ ይጥላል፤ ራሱ ቢያሳድግ በወቅት ሦስት ዙር፣ ስድስት ጫጩት ነው። እንቁላሎቹ ለሞግዚት ሲሰጡ ግን ሴቷ በ10 ቀን ገደማ እንደገና ትጥላለች፤ በዚህ መንገድ ከአንድ ጥንድ በወቅት 10 እና 12 ጫጩት ማግኘት ይቻላል። ሳታርፍ ግን ከአራት ተከታታይ እቅፍ በላይ አያስጥሏት። ቅርፊቱ የሳሳ ወይም ሸካራ እንቁላል ሲመጣ ካልሲየሟ አልቋል ማለት ነውና ያቁሙ፤ የተፈጨ ቀንድ አውጣ ዛጎልና የማዕድን ጠጠር ከፊቷ አይጥፋ።

ሞግዚት ላይ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ነው። የመጀመሪያው እንቁላል ከሰዓት በኋላ አመሻሹ ላይ ይጣላል፤ ሁለተኛው ከ44 ሰዓት ገደማ በኋላ። የመጀመሪያውን አንስተው በቦታው የፕላስቲክ እንቁላል ያስቀምጡ፤ እውነተኛውን ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አቆይተው ሁለተኛው ሲጣል ይመልሱት፤ እንዲህ ሲሆን ሁለቱ በአንድ ቀን ይፈለፈላሉ። ከሁለተኛው እንቁላል ተቆጥሮ 17 ወይም 18 ቀን ይፈጃል። ሞግዚቶቹ የራሳቸውን እንቁላል የጣሉበት ቀን ከተሰጣቸው እንቁላል ቀን ከሁለት ቀን በላይ መራቅ የለበትም። ጫጩቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመገበው ከወላጆቹ ጉሮሮ ከረጢት የሚወጣውን ወተት ብቻ ነው፤ ይህ ወተት ደግሞ የሚዘጋጀው በመታቀፉ መጨረሻ ላይ ነው። ሞግዚቶቹ ገና በ12ኛ ቀናቸው ላይ ሳሉ ጫጩቱ ቢፈለፈልባቸው የሚሰጡት ወተት የለም፤ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ በሁለት ቀን ውስጥ ይሞታል። አርቢው ግን «ደካማ ዘር» ብሎ ይመዘግበዋል።

እንቁላሉ ፍሬያማ መሆኑን ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን በብርሃን ያዩታል፤ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈውን አንስተው ይጣሉት።

ሞግዚቶች ካሉዎት ለማነጻጸር የተሻለው ዘዴ ጎጆ ማጋራት ነው። ሊያነጻጽሯቸው ከሚፈልጓቸው ሁለት ጥንዶች በተመሳሳይ ቀን ከተጣሉት እንቁላሎች አንድ ከአንዱ፣ አንድ ከሌላው ወስደው በአንድ ሞግዚት ሥር ያስቀምጡ። ቅርፊቱ ላይ የጥንዱን ቁጥር በእርሳስ ይጻፉ። በመፈልፈያው ቀን ጎጆውን ጠዋትና ማታ ይመልከቱ፤ ቅርፊቱ እንደተሰበረ ከአንደኛው ጫጩት ጥፍር ላይ ጥቂት የጥፍር ቀለም ይቀቡ፣ ቀለበት እስከሚገባ በየሁለት ቀኑ ያድሱት። ቀለበት የሚገባው በ7ኛው ቀን ገደማ ነው፦ ሦስቱን የፊት ጣቶች ገጥመው በቀለበቱ ውስጥ ያሳልፉ፣ የኋላውን ጣት ወደ እግሩ አስጠግተው ቀለበቱን ከላዩ ወደ ላይ ይግፉ፣ በመጨረሻ ጣቱን በቀስታ ወደ ታች ስበው ያውጡ። ዘግይተው እግሩ ከወፈረ አይገባም፤ ቀድመው በ4ኛ ቀን ካስገቡት ወልቆ ጎጆ ውስጥ ይወድቃል። በዚህ መንገድ ያደጉ ሁለት ጫጩቶች ወተቱን፣ እህሉን፣ ሙቀቱን፣ ጀርሙንም ከአንድ ምንጭ አግኝተዋል። እንዲህ ያሉ 8 ወይም 10 ጎጆዎች ተነጻጽረው አንዱ ጥንድ ደጋግሞ ከበለጠ ልዩነቱ ከደም ነው ለማለት ይቻላል።

የአስተዳደግ ልዩነት የዘር ልዩነት መስሎ ሲታይ በጣም የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተፈለፈለ ጫጩት ውድድር ሲጀመር የክንፍ ላባውን መቀየር ከጀመረ ቆይቷል፤ የሦስተኛው ዙር ጫጩት ገና ለጋ ነው። ሁለቱን አያነጻጽሩ፤ የአንዱን ዙር ከዚያው ዙር ጋር ብቻ። ትሪኮሞናስ የተባለው በጉሮሮ የሚያድር ጥገኛ ተሕዋስ ከወላጅ ወደ ጫጩት በወተቱ ያልፋል፤ ተሸካሚዋ እናት ጤነኛ ትመስላለች፣ ልጆቿ ግን እድገታቸው ይጓተታል። ጥንዶቹን ከማጣመርዎ በፊት ከጉሮሯቸው ናሙና፣ ከኩሳቸውም ኮክሲዲያ ለተባለው የአንጀት ጥገኛና ሳልሞኔላ ለተባለው ባክቴሪያ በእንስሳት ሐኪም ያስመርምሩ። የፓራሚክሶ ቫይረስ ክትባት በዓመት አንድ ጊዜ ለሁሉም ይሰጥ፣ ለጫጩቶች ደግሞ ከጎጆ ከተለዩ በኋላ። ከ21ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይለዩ፤ የቀደመ ከሆነ እህል ማንሳት ሳይለምድ ይከሳል። ለአዋቂ እርግብ በቀን 30 ግራም ገደማ እህል ይበቃል፤ የሚያሳድጉ ጥንዶች ግን በፊታቸው ሳይቋረጥ ይኑር፣ ከጥራጥሬው አተር ይጨመርበት። ሁሉም ጫጩቶች በአንድ ክፍል ይደሩ፣ በአንድ ቅርጫት ተጭነው ከ5፣ ከ10፣ ከ20፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ይለቀቁ። የውድ ዘር ልጅ ተብሎ ከልምምድ የቀረ ጫጩት ስለ ወላጆቹ ምንም ሊነግርዎ አይችልም።

ጥንድን እንደ አንድ ዕቃ አይመዝኑ፤ ወንዱንና ሴቷን ለየብቻ ይመዝኑ። ጥሩ ነው የሚሉትን ወንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሦስት ወይም ለአራት ሴቶች ይስጡት፣ ከእያንዳንዷ 6 ያህል ጫጩት ያውጡ። ከሁሉም ጋር ጥሩ ልጅ ከወጣ ምንጩ እሱ ነው። ከአንዷ ጋር ብቻ ከሆነ ወይ እሷ ናት ወይ ቅልቅሉ ነው፤ ያንን ለማወቅ እሷን ለሌላ ወንድ መስጠት ነው። ሲቀያየሩ ሴቷ የቀድሞውን ወንድ ዘር በሰውነቷ ለቀናት ስለምታቆይ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆይተው ያጣምሯት። ለዘር የተመደቡት በየራሳቸው በተዘጋ ሳጥን ይኑሩ፤ በጋራ ክፍል የሌላ ጎጆ ወንድ ሴቷን መስረሩ የተለመደ ነው፣ መዝገብዎ ያን ጊዜ ሐሰት ይሆናል። ጥርጣሬ ካለ ሥሩ ያልተቆረጠ ትኩስ ላባ ከጫጩቱና ከሁለቱ ወላጆች ነቅለው የዲኤንኤ የወላጅነት ምርመራ ያስደርጉ። መታለልን በሚመለከት ለጠየቁትም ትክክለኛው መልስ እሱ ነው፦ ሻጩ የዘር ወላጆቹን ላባ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

መዝገቡ ውስጥ የጠፉትና የሞቱት ሁሉ ይግቡ። ብዙ አርቢ «ከዚህ ጥንድ ሦስት አሸናፊ ወጣ» ሲል ከስንት ቀለበት እንደሆነ አይናገርም። 3 ከ9 እና 3 ከ70 አንድ አይደሉም። አንድ ረድፍ እንዲህ ይሁን፦ የቀለበት ቁጥር፣ የአባትና የእናት ቀለበት፣ የሞግዚቱ ጎጆ ቁጥር፣ የተፈለፈለበት ቀን፣ ዙሩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ውድድር ከርቀቱ፣ ከነፋሱ አቅጣጫና ከመቶኛ ደረጃው ጋር። የጠፋው ጫጩት ከየት ርቀት እንደጠፋ ይጻፍ። አጭር ርቀትና ረጅም ርቀት በተለያየ አምድ ይቀመጡ፤ በ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዘር በ700 ኪሎ ሜትር ላይ ሌላ ወፍ ሊሆን ይችላል። ፍርዱንም በመጀመሪያው ዓመት አይዝጉት፤ በተለይ የረጅም ርቀት እርግቦች ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመታቸው ላይ ነው የሚታዩት።

አቋራጭ ሆነው የሚቀርቡ ነገሮች አሉ። የዓይንን ቀለምና ቀለበት አይቶ ሻምፒዮን ወላጅ መለየት እንደሚቻል የሚያስተምሩ አሉ፤ ዓይን ጤናን ያሳያል፣ የዘር ዋጋን ግን አያሳይም። ኤልዲኤችኤ እና ዲአርዲ4 በተባሉ ዘረመሎች ላይ የሚደረገው ምርመራ ከውድድር ውጤት ጋር ግንኙነት በታየባቸው ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሆኖም ከብዙዎቹ ሁለቱን ብቻ ስለሚያይ በሌላው ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ወፎችን ለማበላለጥ ካልሆነ በእሱ ብቻ ወፍ አይጣልም፣ አይገዛምም። ዋጋም መለኪያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አርማንዶ የተባለው ወንድ በ1.25 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ፣ በ2020 ኒው ኪም የተባለችው ሴት በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠዋል፤ ሁለቱም የቤልጂየም እርግቦች ናቸው። እንዲህ ያለ ወፍ በአዲሱ ቤት አይወዳደርም፤ ቢለቀቅ ወደ ድሮው ቤቱ ነው የሚበረው። ስለዚህ የተከፈለው ሁሉ ገና ላልተጣለ እንቁላል ነው። አቅሙ ውስን ለሆነ አርቢ እኔ የምመክረው ከሻምፒዮኑ ይልቅ የሻምፒዮኑን አባት ወይም እናት ልጆች መፈለግ ነው፤ በተለይ ከተለያዩ ጥንዶች ጋር ጥሩ ልጅ የሰጠ ወላጅ ከሆነ። ስማቸው ስላልገነነ ይረክሳሉ፤ የሻምፒዮኑ ሙሉ ወንድም ደግሞ በአማካይ ግማሹን ደም ይጋራዋል።

ወደ ቤትዎ እንመለስ። የገዟቸውን ሁለቱን አይሽጧቸው፣ ግን ያፋቷቸው። ወንዱን ያን ምርጥ እርግብ ለሰጠችው ሴት፣ ሴቷን ለዚያኛው ወንድ ይስጡ። በዚህ መቀያየር አራት ወላጆችን በአንድ ወቅት ይፈትናሉ፤ የሁለቱ ዘሮች ቅልቅል የሚሰጠው ብርታት ካለም ይታያል። ከእያንዳንዱ አዲስ ጥንድ በሞግዚት 10 ጫጩት ያውጡ፣ የተቻለውን ያህል በጋራ ጎጆ። በሁለተኛው ወቅት ተራውን ጥንድ ወደ ቀድሞው መልሰው 8 ጫጩት ይጨምሩ፤ የመጀመሪያው ድል አጋጣሚ ከነበረ ያኔ ይለያል። ምርጧን እርግብ እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜዋ ያወዳድሯት፣ ከዚያ ወደ ዘር ክፍል ያስገቧት፤ የመጀመሪያ ባሏ ያልተዛመዳት ይሁን፣ ሁለተኛው ግማሽ ወንድሟ ይሁን።

ከ20 ጫጩት በፊት በማንም ላይ አይፍረዱ። 20 ከሞላ በኋላ ከሁለት የተለያዩ አጣማሪዎች ጋር ተሞክሮ፣ ከልጆቹ አንዱም በተደጋጋሚ ከፊተኛው 10 በመቶ ያልገባ ወላጅ ከዘር ክፍል ይውጣ፤ ሳጥኑ ለሌላ ይፈለጋል። ይህም ቢሆን ጥሩ ወላጅ በስህተት የመጣል ዕድል አለው፦ ከ100 አምስት ከፍተኛ እርግብ ሊሰጥ የሚችል ወላጅ ከ20 ጫጩት አንድም ከፍተኛ ሳያሳይ የመቅረት ዕድሉ 36 በመቶ ነው። ወደ 10 በመቶ ለማውረድ 45 ጫጩት ያስፈልጋል። ቦታና አቅም ካለዎት ለሚያምኑበት አንድ ወንድ ብቻ እስከዚያ ድረስ ይሂዱ፤ ለሌሎቹ 20 ላይ ይቁረጡ።